ጠዋት ይሻላል፦ በጣና ዳር ለጀማሪዎች በእንግሊዝኛ አስተያየት መስጠትን ያስተማርኩበት አንድ ክፍል

መነሻ

ይህን ጉዳይ መዝግቤ እንዳስቀምጥ ያነሣሣኝ ባሕር ዳር ውስጥ ጀልባ የሚነዳ አንድ ተማሪዬ ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አራት ቱሪስቶች በሐይቁ ዳር ገዳማት ወዳሉባት ወደ ዘጌ ውሰደን አሉት። ሊሳፈሩ ሲሉ አንዷ በእንግሊዝኛ አሁን መሄዱ ጥሩ እንደሆነና እሱ ምን እንደሚመክራቸው ጠየቀችው። ልጁ ሐይቁን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ጣና ጠዋት ጠዋት ጸጥ ብሎ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ይበረታል። ነገ በጠዋት ቢሄዱ እንደሚሻላቸው በልቡ እያወቀ ከአፉ የወጣው «የስ፣ የስ፣ ጉድ» ብቻ ሆነ።

ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ሲመለሱ ማዕበሉ ጀልባዋን በጎን እየመታት፣ ውኃው ወደ ውስጥ እየተረጨ፣ እንግዶቹ ቦርሳቸውን ታቅፈው እንዳጎነበሱ ደረሱ። ማንም አልተጎዳም። ሴትዮዋ ግን ስትወርድ «እያወቅህ ለምን አልነገርኸንም?» ብላ ጠየቀችው። ለዚህም መልስ አልነበረውም።

ማታ ክፍል መጥቶ ይህን ሲነግረን ሁሉም ዝም ብሎ አዳመጠው። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም። ሞርኒንግን አውቃለሁ፣ ቤተርን አውቃለሁ፣ ንፋስ ዊንድ እንደሚባልም አውቃለሁ። የጠፋኝ ከየት እንደምጀምር ነው።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ችግሩ የቃላት ማነስ እንደሆነ አድርጌ ነበር የማስተምረው።

ክፍሉና ተማሪዎቹ

ክፍሉ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ጠባብ ቤት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንማራለን። ሰዓቱ የተመረጠው ጀልባዎቹ ከሐይቁ ወጥተው ስለሚያድሩና የዓሣ ቤቶቹ አስተናጋጆች ፈረቃ ስለሚቀያየሩ ነው። ዙሩ ስምንት ሳምንት ነበር።

ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። አራቱ ወጣት ጀልባ ነጂዎች፣ ሦስቱ የዓሣ ቤት አስተናጋጆች፣ ሁለቱ የባጃጅ ሹፌሮች፣ አንዷ የዘጌ ቡና ለእንግዶች የምትሸጥ ወጣት ናቸው። አሥራ አንደኛው ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንጋፋ ጀልባ ነጂ ሲሆኑ ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። ከጋሼ በቀር ሁሉም ቢያንስ እስከ 8ኛ ክፍል ተምረዋል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚሰጥ ለቋንቋው እንግዳ አይደሉም። ዋጋ ይናገራሉ፣ ሰላምታ ያውቃሉ፣ ምግብ ያዛሉ። ጀማሪ የምላቸው የራሳቸውን ሐሳብ ሲጠየቁ ምላሳቸው ስለሚታሰር ነው።

ይህን ለማየት አንድ ቀላል ሙከራ አደረግሁ። ስለ ሁለት የጣና ዓሣ ዓይነቶች በአማርኛ «ከቆረሶና ከአምባዛ የቱ ይጣፍጣል?» ስላቸው ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ያህል ጦፈ። አምባዛ ለጉላሽ እንጂ ለጥብስ አይሆንም ያለች ነበረች፤ ቆረሶ እሾህ ይበዛዋል ያለም ነበር። ያንኑ ጥያቄ ወዲያው በእንግሊዝኛ ደገምኩት። አንዱ «ቦዝ ጉድ» አለ። ቀሪዎቹ ተራ በተራ «ቦዝ ጉድ» አሉ። አሁን እኮ አምባዛ ለጥብስ አይሆንም ያለችው ልጅ ጭምር!

ችግሩ የት ላይ እንደነበር

ልጁ «ከየት እንደምጀምር» ያለውን ይዤ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አማርኛ ተናጋሪ መጀመሪያ ነገሩን ይናገራል፤ ሐሳቡ የራሱ መሆኑን የሚያስታውቀው መጨረሻ ላይ ነው። «ጠዋት ብንሄድ ይሻላል ብዬ አስባለሁ።» «ነፋስ የሚነሣ ይመስለኛል።» ግሱ ማሳረጊያ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ «አይ ቲንክ»ን ከፊት ያስቀድማል፤ ገና ነገሩ ሳይታወቅ ባለቤቱ ተነሥቶ ይቆማል። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚነሣ ጀማሪ ዐረፍተ ነገሩን ከሚያውቀው ጫፍ ሊይዘው ይሞክራል፤ እዚያ ጫፍ ላይ ግን እንግሊዝኛው የሚፈልገው ሌላ ቃል ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። «ይመስለኛል» ስንል የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት «እኔ» አይደለሁም። ነገሩ ነው ለእኔ የሚመስለው፤ እኔ ከቃሉ ጭራ ላይ ተሸጉጫለሁ። በእንግሊዝኛው ግን «አይ» ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። ከአስተናጋጆቹ አንዷ የተሰማትን ስትነግረኝ «‹አይ› ብዬ ስጀምር ሰው ፊት ብቻዬን የቆምኩ ይመስለኛል» አለች። በይሉኝታ ላደገ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» እየተባለ ያደገ ሰው በማያውቀው ቋንቋ አፉን ከመክፈቱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል፤ ሁለት ጊዜ እስኪያስብ ጠያቂው ሄዷል።

ትንንሾቹ ስሕተቶችም ምንጫቸው ይታወቃል። «ከ» የምትለዋን ይዘው «ፍሮም አፍተርኑን ሞርኒንግ ኢዝ ጉድ» ይላሉ፤ እንግሊዝኛው ለማወዳደር «ዛን» እንደሚል ማንም በግልጽ አልነገራቸውም። «ጥሩ ነው» ባለቤቱን ለብቻ ስለማይጠራ «ኢት»ን ይተዉና «ኢዝ ጉድ» ይላሉ። በ«አይ አግሪ» ፈንታ «አይ አም አግሪ» የማይል ጀማሪ ደግሞ እስካሁን አላጋጠመኝም። ለአሉታዊ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ከሁሉም የባሰ ነበር። እንግዳው «ዓሣ አትወድም?» ሲለው ልጁ «አዎ፣ አልወድም» ለማለት «የስ» ይላል፤ እንግዳው እንደሚወድ ይረዳል።

መጀመሪያ የሞከርኳቸውና ያልሠሩት

በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ሰባት አገላለጾች ጻፍኩ፦ «ኢን ማይ ኦፒኒየን»፣ «ፍሮም ማይ ፖይንት ኦፍ ቪው» እና የመሳሰሉት። እንደ ዳዊት ደገሟቸው። በሦስተኛው ቀን ሁሉም በቃላቸው ያዙ። ጥያቄ ስጠይቃቸው ግን «ኢን ማይ ኦፒኒየን» ብለው ቆሙ። መግቢያውን አግኝተዋል፣ የሚያስገቡት የለም። ሰባት ዓይነት መግቢያ መስጠቴ ራሱ ስሕተት ነበር፤ በየትኛው ልጀምር የሚል ተጨማሪ ጭንቀት ሆነባቸው።

ቀጥዬ ክርክር አዘጋጀሁ፤ «የከተማ ኑሮ ወይስ የገጠር ኑሮ» የሚለውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ያለፍንበትን ርዕስ። የመጣው በልጅነታቸው የሸመደዱት ንግግር ነበር፤ የማንም ሐሳብ አልነበረም። እንደዚህ ያለ ርዕስ ላይ ጀማሪ የሚናገረው ከዚህ በፊት የሰማውን ነው።

ከዚያ ትኩስ ርዕስ ያስፈልጋል ብዬ «በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?» አልኩ። ክፍሉ ነደደ፣ ግን ሙሉ በሙሉ በአማርኛ። ርዕሱ ከያዙት እንግሊዝኛ በላይ ከበደ። ማንም ስለ እምነቱ በተሰባበረ ቋንቋ መናገር አይፈልግም፤ ልክ ናቸው። ያን ቀን አንዱ ተማሪ ተቀይሞ ሄደ፤ በማግሥቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

በእነዚህ ሁሉ ሳምንታት ደግሞ እያንዳንዱን ስሕተት እዚያው በአፍ እያረምኩ ነበር። ማስታወሻዬን መለስ ብዬ ሳየው አንድ ተማሪ ንግግሩ መሐል ከታረመ በኋላ በዚያ ምሽት በራሱ ተነሣሽነት ዳግም የተናገረበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል።

ዐረፍተ ነገሩን በእግር ማስኬድ

ከማዕበሉ ቀን በኋላ ሰባቱን አገላለጾች አጥፍቼ «አይ ቲንክ» የሚለውን ብቻ ተውኩ። የካርቶን ቁራጮች ላይ ቃላት ጽፌ አራት ተማሪዎች ፊት ለፊት እንዲቆሙ አደረግሁ። መጀመሪያ በአማርኛ፦ አንዱ «ነፋስ ስለሚነሣ»፣ ሁለተኛው «ጠዋት»፣ ሦስተኛው «ይሻላል»፣ አራተኛው «ብዬ አስባለሁ» የሚል ይዘው ተሰለፉ። ከዚያ «አሁን እንግሊዝኛ እንሁን» ስል «ብዬ አስባለሁ»ን የያዘው ከጭራ ተነሥቶ ወደ ራስ ሄደ። «ነፋስ ስለሚነሣ»ን የያዘው ደግሞ ከራስ ወደ ጭራ ወረደ። ካርቶኑን ሲገለብጡት በጀርባው የተጻፈው ተነበበ፦ «አይ ቲንክ... ሞርኒንግ... ኢዝ ቤተር... ቢኮዝ ዊንድ ካምስ።»

ይህ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀም። ግን ያ ጀልባ ነጂ ልጅ «አሃ፣ የኋላው ከፊት!» ያለው እዚህ ጋ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው መሐል ሲጠፋው ሌላው «ዙር!» ይለዋል፤ ዞሮ ከ«አይ ቲንክ» ይጀምራል።

ሁለቱ ቋንቋዎች የሚገጥሙበትን ቦታም ፈለግሁ። አማርኛ «ጥሩ አይመስለኝም» ሲል አፍራሹን የሚያስቀምጠው «መምሰል» ላይ ነው፤ እንግሊዝኛውም «አይ ዶንት ቲንክ ኢት ኢዝ ጉድ» ብሎ በዚያው ቦታ ያፈርሳል። ይህን በአንድ ምሽት ያዙት። መምህር ሁልጊዜ ልዩነቱን ብቻ እያሳየ ተማሪውን ማድከም የለበትም፤ የሚመሳሰልበት ሲገኝ ማረፊያ ይሆናል።

ርዕሶቹንም ወደሚያውቁት አወረድኩ። ከክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳምና ከዘጌ የትኛው ይቀድም? ዓሣውን ጥብስ ወይስ ጉላሽ? ጢስ ዓባይን በየትኛው ወር ማየት ይሻላል? በእነዚህ ጉዳዮች ከጠያቂው ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ፏፏቴው ክረምት ወጥቶ ውኃው ሞልቶ ሲወርድና በበጋ ሲቀጥን ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ማንም ከመጽሐፍ መሸምደድ አላስፈለገውም።

ጋሼና ቆርኪው

አዲስ እንቅፋት መጣ። ጥያቄ ስጠይቅ ጋሼ ቀድመው ይመልሳሉ፤ ቀሪዎቹ «አይ አግሪ» ይላሉ። አባት የሚሆን ሰው ከተናገረ በኋላ ማን ይቃወማል? ጋሼ ጥፋት የለባቸውም፤ የሚሞክሩት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ደስ እያለኝ እኔው አበረታታቸው ነበር።

አንድ ምሽት ወደ ቤታቸው ሸኘኋቸውና «ጋሼ፣ ልጆቹ እርስዎን ስለሚያከብሩ አፋቸውን አይከፍቱም። መጨረሻ ላይ ቢናገሩልኝስ?» አልኳቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ትንሽ ሄዱና «ሽማግሌስ መጀመሪያ ያዳምጣል። የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

ይህም ብቻውን አልበቃም፤ አሁን ደግሞ መጀመሪያ የተናገረውን ሁሉ መከተል ጀመሩ። ስለዚህ አስተናጋጇን የለስላሳ ቆርኪ እንድታመጣልኝ ጠየቅኋት። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቆርኪ ደረሰው። ጥያቄው ይነበባል፤ የመጀመሪያውን ምርጫ የሚደግፍ ቆርኪውን በጀርባው፣ ሁለተኛውን የሚደግፍ በሆዱ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ያኖርና በመዳፉ ይሸፍናል። ሁሉም ሲጨርሱ እጅ በአንድ ጊዜ ይነሣል። ምርጫው አንዴ ከታየ በኋላ መከተል አይቻልም፤ የቀረው ምክንያቱን መናገር ነው።

በሦስተኛው ጥያቄ የጋሼ ቆርኪ ብቻዋን ተገልብጣ ተገኘች። ክፍሉ ደነገጠ። ጋሼ ግን ፈገግ ብለው «በሉ እስቲ፣ ዋይ?» አሉ። ከባጃጅ ሹፌሮቹ አንዱ በአማርኛ «ጋሼ፣ አይቆጡኝና...» ብሎ ጀመረ። ያችን ቃል ያዝኳት። መቃወም የሚያስፈልገው ይህን ዓይነት ማለስለሻ ነው፤ በእንግሊዝኛ «ሶሪ፣ ባት አይ ቲንክ» የሚለውን ሰጠሁት። እሱም «ሶሪ ጋሼ፣ ባት አይ ቲንክ...» አለ። «ጋሼ» እንግሊዝኛው መሐል ገብታ ቀረች፤ እንድትወጣ አልፈለግሁም። አክብሮቱን ይዞ መቃወም የቻለው በእሷ ነው።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እርማቱን ወደ ደብተሬ አዛወርኩ። ሲናገሩ ዝም ብዬ እጽፋለሁ፤ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ከሦስት የማይበልጡ ስሕተቶች የማን እንደሆኑ ሳልናገር ሰሌዳ ላይ አወጣለሁ፣ አብረን እናስተካክላለን።

ያልጠበቅሁት፦ ሰዓቱ

በስድስተኛው ሳምንት ያው ጀልባ ነጂ ደስ ብሎት መጣ። ለሁለት እንግዶች ምክር ሰጥቷል፦ «አይ ቲንክ ዋን ኦክሎክ ኢዝ ቤተር፣ ቢኮዝ ኖ ዊንድ።» ዐረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተሉን ጠብቋል፣ ምክንያትም አለው። ጠዋት በ1 ሰዓት ጀልባውን አዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ አልመጡም። የመጡት ቀን በ7 ሰዓት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ያ ነው አንድ ሰዓት። ነፋሱ ሊነሣ በተቃረበበት ሰዓት ማለት ነው። ሐሳቡ በትክክል ተነግሮ ተቃራኒው ተሰማ።

ይህን ቀድሜ አለማሰቤ ዛሬም ይቆጨኛል። እኔ ራሴ በየቀኑ ሁለቱን አቆጣጠር እያፈራረቅሁ እኖራለሁ፤ ስለለመድኩት አልታየኝም። በማግሥቱ ሙሉውን ክፍለ ጊዜ በስድስት መጨመርና መቀነስ ላይ አዋልነው። «ሞርኒንግ» ወይም «አፍተርኑን» የሚል ቃል ሳያስከትሉ ሰዓት እንዳይጠሩም ተስማማን።

«አይ ቲንክ» የማይባልበት ጊዜ

ሌላው ስሕተት የተወለደው ከስኬቱ ነው። «አይ ቲንክ»ን ከወደዱት በኋላ በሁሉም ነገር ላይ ያደርጉት ጀመር። ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም ነው። አንዱ ልጅ ለአንዲት እንግዳ «አይ ቲንክ ውመን ኖት ኢንተር» አላት። እሷም እርግጠኛ ያልሆነ መስሏት እንሂድና እንጠይቅ አለች፤ ደርሰው ከወደቡ ተመለሱ። በአማርኛ ቢሆን ይህ ልጅ «ሴት የማይገባበት ይመስለኛል» አይልም ነበር፤ የሚያውቀው ሕግ ነውና «አይገባም» ይላል። ስለዚህ ለሚያውቁት ሕግና እውነት በቀጥታ፣ ለምክር ግን በ«አይ ቲንክ» መናገርን ለየን። ትክክለኛው ምክር ሁለቱን አቀናጅቶ የያዘ ሆነ፦ «ክብራን ኢዝ ኦንሊ ፎር ሜን። አይ ቲንክ እንጦስ ኢዝ ቤተር ፎር ዩ።» እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ ያለችና ሴቶች የሚገቡባት ደሴት ናት።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እምቦጭን አነሣን። አረሙ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን በኩል ከታየ ወዲህ ሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ የሚለው አለው። በእጅ ይነቀል ወይስ በማሽን? አንዷ «አይ ቲንክ ማሽን ኢዝ ቤተር ቢኮዝ ሃንድ ኢዝ ስሎው» አለች። አንድ ጀልባ ነጂ «ሶሪ፣ ባት ማሽን ካት፣ ሲድ ስቴይ» ሲል መለሰላት። ሰዋስው የለውም፤ ግን የእምቦጭ ዘር ከሐይቁ ሥር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት እንደሚቆይ ለሚያውቅ ሰው ሙሉ መከራከሪያ ነው። ጋሼ መጨረሻ ላይ ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረውን ክረምት ሐይቁ ሲሞላ መልሶ እንደሚወስደው በአምስት ቃል ተናገሩ። ለ25 ደቂቃ ያህል አንድም የአማርኛ ዐረፍተ ነገር አልሰማሁም።

ምን ተገኘ፣ ምን ቀረ

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ጨረሱ። አንዱ የባጃጅ ሹፌር የማታ ሥራ ይዞት ቀረ። ከዘጠኙ ስድስቱ ሲጠየቁ ሐሳባቸውን ከነምክንያቱ ሳይጎተጎቱ ይናገራሉ። ሦስቱ አሁንም «ቢኮዝ?» ብሎ የሚያስታውሳቸው ይፈልጋሉ።

ቡና የምትሸጠው ልጅ በአምስተኛው ሳምንት መምጣት አቆመች። ገበያ ላይ አግኝቻት ስጠይቃት ሁለት ለሁለት ስንለማመድ ደስ ይላት እንደነበር፣ በቆርኪው ጨዋታ ግን ሁሉም ዓይን ወደ እሷ ሲዞር ላብ እንደሚያጠምቃት ነገረችኝ። ለሌሎቹ ነፃነት የሰጠው ዘዴ ለእሷ አደባባይ ሆነባት። ቆርኪውን መጀመሪያ በሁለት ሰው መካከል፣ ከዚያ በአራት፣ በመጨረሻ በክፍሉ ሁሉ ማድረግ ይቻል ነበር። አሁን የማደርገው እንደዚያ ነው።

ለሌላ መምህር የሚሆነው

ያለሁበት ሁኔታ የቱሪስት ከተማ ነው፤ ተማሪዎቼም በየቀኑ ሐሳባቸውን የሚጠይቃቸው ሰው አላቸው። ይህ በሌለበት ቦታ ግን ዋናው ነገር የሚለወጥ አይመስለኝም። ተማሪው ከጠያቂው በላይ የሚያውቀውን ርዕስ መፈለግ ነው፤ ለገበሬ ዘር፣ ለሸማኔ ጥለት፣ ለተማሪ የሰፈሩ የኳስ ቡድን። ትልቅና ትኩስ ርዕስ ትልቅ ቋንቋ ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ትንሽና እውነተኛ ምርጫ ይበልጣል። አገላለጹ አንድ ብቻ ይሁን፤ ሁለተኛው የሚመጣው የመጀመሪያው ሳያስቡት ከአፍ ሲወጣ ነው። ምርጫው ከንግግሩ በፊት በቆርኪ፣ በጠጠር ወይም በወረቀት ይታወቅ። በዕድሜ የሚከበር ሰው ክፍል ውስጥ ካለ ለብቻው ሄዶ ማማከር ያስፈልጋል፤ በሰው ፊት «ቆይ እርስዎ» ማለት እሱንም ክፍሉንም ይጎዳል።

ያላስተማርኩት ትልቁ ነገር ማዳመጥ ነው። ተማሪዎቼ ሐሳባቸውን ተናግረው እንግዳው በፍጥነት ሲመልስላቸው ይጠፋቸዋል፤ በተለይ «ዋይ ኖት?» ሲባሉ። አሉታዊ ጥያቄ ላይ ያየሁት የ«አዎ»ና የ«የስ» መምታታትም እዚያው ነው ያለው። በቀጠለው ዙር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለዚህ ሰጠኋቸው፤ እንግዳ ሆነው የሚጠይቁት ጋሼ ናቸው።